ወደብ ካሸነፈ

የፊተኛው ክፍል በስፖንጅ፣ በቆዳ ቁርጥራጭና በተገነጣጠለ የሶፋ እንጨት የተሞላ ነበር፤ የኋለኛው ክፍል ደግሞ በሳል። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። መዶሻው ሲቆም ሳሉ ይሰማል፤ ሳሉ ሲበረታ መዶሻው ይቆማል። በዚህ ቤት ነበር ሶፋ ሠሪው ለሰው ሁሉ መቀመጫ እየሠራ ራሱ መቀመጥ ያቃተው። ምስማር አንስቶ መልሶ ይጥላል፣ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሚስቱን ያያል፣ ከዚያ ደግሞ ሬዲዮውን ይነካካል። ምን እንደሚያቅበጠብጠው ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ሰፈሩ «አሰልጣኝ» እያለ ነበር የሚጠራው። በሕይወቱ አንድም ቡድን አሰልጥኖ አያውቅም፤ የሶፋ ጨርቅ ሊመርጥ የመጣን ሰው ግን ስለ ተከላካይ መስመር አስተምሮ ሳይጨርስ አይለቅም። አንዳንዱ ደንበኛ ዋጋውን ሳይሆን ትንታኔውን ፈርቶ ሌላ ቤት ሄዷል ይባላል። እሱ ግን ቢኮራም አይፈረድበትም። አንድ ልጁ፣ ያውም ከብዙ ስለትና ከብዙ እንባ በኋላ የተገኘ ልጁ፣ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ለመስታወት ፋብሪካ ቡድን በረኛ ነበር። ቡድኑ ከመሐል ሠንጠረዥ ብዙም ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ቢሆንም ሰው «የበረኛው አባት» ሲለው የሶፋ ሠሪው አንገት አንድ ስንዝር ይረዝም ነበር።

ሚስቱ ጤነኛ ሳለች የሶፋውን ልብስ የምትሰፋው እሷ ነበረች። ስፌቷ የት እንደጀመረና የት እንዳለቀ አይታወቅም፤ ሳቋም እንደዚሁ። በኋላ ግን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። እግሯ አበጠ። ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ባሏ በሠራላት ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታድር ጀመር። ሐኪሙ የልቧ አንዱ ቫልቭ ጠቧል፣ መቀየር አለበት አለ። የተጠየቀውን ለመሙላት የስፌት መኪናዋ ተሸጠ፣ ልጁ ደመወዙን አመጣ፣ ዘመድ አዝማድ ከኪሱ አዋጣ። የተጠራቀመው ሁሉ ግን ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ አልሞላም ነበር። እግዚኦ! ግማሽ ልብ ይቀየራል እንዴ?

የዚያን ዓመት ሊግ ሊጀመር ሰሞን በረኛው እራት ላይ እንደ ዋዛ «አባዬ፣ ዘንድሮ ወደብን የሚያቆመው የለም» አለ። ወደብ የባሕር ዳርቻው ከተማ ቡድን ነው። «ሁለት አጥቂ አስፈርመዋል። በልምምድ ጨዋታ ያሳዩንን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ኳሷን የማያት ከመረብ ሳወጣት ብቻ ነበር» ብሎ ሳቀ። እናቱም ሳቀች። አባትየው ግን አልሳቀም። የጎረሰውን እንደያዘ ቀረ።

በማግስቱ ጧት ያንን ገንዘብ በሙሉ ይዞ ወደ ውርርድ ቤት ሄደና ወደብ የዲቪዚዮኑ ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ ትኬት ቆረጠ። መንገድ ላይ ለራሱ እንዲህ እያለ ነበር፦ በአንድ ጨዋታ የሚወራረድ ቁማርተኛ ነው፤ የአንድ ቀን ኳስ ትዋሻለች። የዓመቱን ሊግ የሚወራረድ ግን አዋቂ ነው፣ ዘርቶ እንደሚጠብቅ ገበሬ ማለት ነው። ያውም ወሬውን ከሜዳው ውስጥ፣ ከገዛ ልጁ አፍ የሰማ! ወደብ ካሸነፈ ግማሹ ልብ ሙሉ ይሆናል። ይህ ፍቅር ነበር? ወይስ ስስት? ወይስ «አሰልጣኝ» መባልን የለመደ ሰው ትዕቢት? ሦስቱም ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው በአንድ ነገር ብቻ አይጠፋም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ሰላም የሚባል ነገር ጠፋ። ወደብ ሲያሸንፍ ሰውየው ሚስቱ የዳነች ይመስለውና እየዘፈነ ይሠራል፤ ወደብ ነጥብ ሲጥል ጣቱን በመዶሻ ይመታል። ሚስቱ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ትቀልድበት ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ የሚጫወተው ለመስታወት ነው። ምነው የወደብ ነገር ላብ አጠመቀህ?»

«ጥሩ ኳስ ስለሚጫወቱ ነው።»

«እኔ ስታመም እንዲህ ላብ ያጠመቀህ አይመስለኝም» ትለውና ትስቃለች፤ ሳቁ ወደ ሳል ይለወጣል። እሱም ፊቱን ወደ ስፖንጁ አዙሮ ከንፈሩን ይነክሳል።

ሐኪሙ ደግሞ በሄዱ ቁጥር «እስከ መቼ ነው የምትጠብቁት?» ይል ነበር። አንድ ቀን ሶፋ ሠሪው አምልጦት «ሊጉ ሲያልቅ» አለ።

«ምን ሲያልቅ?» አለ ሐኪሙ መነጽሩን እያወለቀ። «አባቴ፣ የሰው ልብ የጨዋታ ፕሮግራም አይጠብቅም።»

ሊጉ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ወደብ ሠንጠረዡን ይመራ ነበር። የውርርድ ቤቷ ልጅ በመስኮቱ አንገቷን ብቅ አድርጋ «አባባ፣ አሁን ቢያቋርጡት ያስያዙት ገንዘብ ከትንሽ ትርፍ ጋር ይመለስልዎታል» አለችው። ምነው በዚያች ቀን እሺ ባለ! ምነው መሬት ተከፍታ ያንን ትዕቢቱን በዋጠችለት! እሱ ግን ሳቀ። «ዋንጫው ደጃፌ ደርሶ ልሽጠው እንዴ?» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ወደብም ተከታታይ ሁለት ጨዋታ ተሸነፈ። ጎማ የሚባለው የጎማ ፋብሪካ ቡድን ከኋላ መጥቶ በሁለት ነጥብ አለፈውና ጨዋታውን ሁሉ ጨርሶ ተቀመጠ። አሁን የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ወደብ ካሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል፤ አቻ ከወጣ ግን ዋንጫውን ጎማ ይበላዋል። ያ የመጨረሻ ጨዋታ ከማን ጋር ቢሆን ጥሩ ነው? ከመስታወት ጋር! በዚያ የሶፋ ሠሪው ልጅ በሚጠብቀው ጎል!

በጨዋታው ቀን ጧት በረኛው እንደ ልማዱ እናቱን ስሞ ሊሄድ መጣ። አባቱ በፊተኛው ክፍል ስፖንጅ መሐል ያዘው።

«ልጄ… የእናትህን የሕክምና ገንዘብ ወደብ ላይ ነው ያደረግኩት።»

«የትኛውን ገንዘብ?»

«ያለንን ሁሉ።»

ልጁ የሚይዘው ነገር የፈለገ ይመስል የሶፋውን ጠርዝ ጨበጠ።

«አንዷን ብቻ» አለ አባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዷን ብቻ አሳልፍልኝ። በረኛ ይሳሳታል፣ ማን ያውቅብሃል? ለኔ ብለህ አይደለም። ለሷ ብለህ!»

«አባዬ… እንዴት እንዲህ ትለኛለህ?» አለና ልጁ ዝም አለ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ወደ እናቱ ገባ። ከወትሮው ይልቅ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ አባቱን ቀና ብሎ ሳያየው አልፎ ሄደ። ሶፋ ሠሪው ዝምታ ስምምነት ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ጨዋታውን ቆሞ ነው ያየው። የሰው እግር እየረገጠ፣ «ይቅርታ» ማለት እንኳ እየረሳ፣ ከአንዱ የስታዲየም ጥግ ወደ ሌላው ይንቆራጠጥ ነበር። ልጁ ኳስ ሲይዝ የመስታወት ደጋፊ ያጨበጭባል፤ አባቱ ዓይኑን ይጨፍናል። ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ነጩን ነጥብ አመለከተ። ፍፁም ቅጣት ምት ለወደብ! ሶፋ ሠሪው ተንበረከከ። በቃ፣ ልጁ መሳሳት እንኳ አያስፈልገውም! ቅጣት ምት ያልያዘ በረኛ ማን ወቅሶ ያውቃል? ፈጣሪ ራሱ መውጫ አዘጋጅቶላቸዋል! መቺው ተንደርድሮ መታ… በረኛውም ተወረወረ፣ ተዘረጋ፣ ኳሷንም በጣቱ ጫፍ ከቋሚው ብረት ጋር አላተማት። ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የሚያለቅስ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በመውጫው በር ጠበቀው። ጓደኞቹ ትከሻቸው ላይ አድርገው ያመጡትን ልጅ በሰው ሁሉ ፊት ጠራው።

«እናትህን ገደልካት! በነዚህ እጆችህ ገደልካት! እጅህ ይድረቅ! ሰማኸኝ? እጅህ ይድረቅ!»

ጭፈራው ቀጥ አለ። የአባት እርግማን ነው፤ ያውም ለበረኛ፣ ያውም በእጁ! ልጁ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ አባቱን ለረጅም ጊዜ አየውና ከጓደኞቹ ትከሻ ወርዶ ሄደ።

ሶፋ ሠሪው ቤት ሲደርስ ሚስቱ በዚያ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ ጠበቀችው። ጉንጯ ከስንት ወር በኋላ ቀላ ብሎ ነበር።

«ያዛት አይደል? በሬዲዮ ሰማሁ! በየት በኩል ነው የተወረወረው?»

ይህን ጊዜ ሰውየው ፈነዳ። ስለ ትኬቱ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ልመናው፣ ስለ እርግማኑ ሁሉንም ዘረገፈው። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አውቃለሁ» አለች። «መጋረጃ እኮ ግድግዳ አይደለም። ጧት ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንዲትም እንዳታሳልፍ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ሰው ጎል እየሸጠ ቢያድነኝ፣ ልጄን ባየሁት ቁጥር የማየው ምንድን ነው? ለአባትህ አትንገረው ብዬ አስማልኩት። አንተ ማወቄን ከሰማህ ቀና ብለህ አታየኝም ብዬ… ላንተው አዝኜ።» ትንፋሿ አጠረ። «የልጄ አባት፣ አንድ ልጃችንን ረገምከው? ሂድ። የረገመ አፍህን ይዘህ ሂድና አንሳለት። ሳላየው እንዳትቀብረኝ።»

የዚያን ጊዜ ያን ሰው የተሰማው ስሜት በምን ቃል ይነገራል? ገንዘቧን ወሰደ፣ ልጇን ረገመ፣ እሷ ግን የምትጨነቀው እሱ እንዳያፍር ነበር! ወዲያው ወጣ። ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ ከበሽተኛዋ ጋር ሰነበተች፤ እሱ ከተማውን ያስሰው ጀመር። የቡድኑ ካምፕ ሄደ፤ ልጁ ዕቃውን ይዞ ወጥቷል አሉት። መናኸሪያ ሄደ፣ የጓደኞቹን በር ሁሉ አንኳኳ። በየመንገዱ የልጁን ቁመት የሚመስል ሰው ባየ ቁጥር እየሮጠ ይደርስና እያፈረ ይመለሳል። በመጨረሻ ልጁን ያገኘው ሰው በሌለበት የልምምድ ሜዳ፣ ጎሉ ሥር ተቀምጦ ነበር። ቀኝ እጁ ከክንዱ ጀምሮ በጀሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

አባት ያንን ሲያይ እርግማኑ የደረሰ መሰለው። በጉልበቱ ተንፏቅቆ ሄዶ ጀሶውን ይስመው ጀመር።

«አንስቻለሁ! ልጄ፣ አንስቻለሁ! የኔ አፍ ይድረቅ! እናትህ ነግራኛለች…»

«ተው አባዬ፣ ተነሥ» አለ በረኛው በደህና እጁ እየደገፈው። እያለቀሰም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እርግማንህ አይደለም። የሰበረኝ ብረቱ ነው። ቀድሞህ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ቤት ሳትመጣ?»

«የተረገመ ገላ ይዤ እንዴት እሷ ዘንድ ልምጣ? ይተላለፍባት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

እየሮጡ ገቡ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የደከመ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ጉልበቷ ላይ አርፏል። ልብስ አጣቢዋ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። እናት ልጇን ስታይ እጇን ማንሳት አልቻለችም፤ ዓይኗ ግን አነሳው፣ ሳመው፣ አቀፈው። ልጁ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ባሏ በሌላው ጎኗ፣ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንቆራጠጥ ተቀመጠ።

«ንገረኝ» አለች በሹክሹክታ። «በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ነው እማዬ። መቺው ሲንደረደር ወደ ግራዬ አየ። ሊያታልለኝ ነው። እኔ ግን ዓይኑን ትቼ የቆመበትን እግሩን ነበር የማየው። እግሩ ወደ ቀኜ ዞሮ…»

ፈገግ አለች። ልጁ ጀሶውን እያነሳ እያሳያት ቀጠለ። አባት እጇን ይዞ ነበርና ከልጁ በፊት አወቀ። ጣቶቿ ውስጥ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ሄደ፤ ፈገግታው ግን አልሄደም። ልጁም ቀና ብሎ አያትና ወሬውን አቋረጠ።

«አታቁም» አለ አባቱ። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። «ጨርስላት ልጄ። እስከ መጨረሻው ንገራት።»

በረኛውም ጨረሰላት። እንዴት እንደተወረወረ፣ ኳሷ ጣቱን እንዴት እንዳቃጠለችው፣ አጥንቱ ሲሰበር ምን እንደሰማ፣ ኳሷ ወደ ውጭ ስትወጣም በመጀመሪያ ያሰበው እሷን እንደነበር እያለቀሰ ነገራት። አባቱም አንዲት ቃል ሳያርም አዳመጠው።

ዕጣ የምንለው ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ስንቱ ሰው ነገ የሚሆነውን አውቃለሁ ብሎ የዛሬውን ይበትናል! ማን እንደሚያሸንፍ ሲቆጥር፣ እያጣ ያለው ማንን እንደሆነ ሳይቆጥር ይቀራል። በረኛው እጁ ድኖለት ዛሬም ይጫወታል። ሶፋ ሠሪው ግን ስለ ኳስ ማውራት ትቷል፤ ሰፈሩም «አሰልጣኝ» ብሎ አይጠራውም። ልጁ ጨዋታ ባለው ቀን ሥራውን ዘግቶ ይሄድና ከጎሉ ኋላ ዝም ብሎ ይቆማል። የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ «እንጃ» ይላል።