ባለ ሁለት ቀንዱ ራውተር

«ይሄኛው ባለ ሁለት ቀንድ ብቻ ነው?» አለች ሕይወት፣ ካርቶኑን በጣቷ እየገፋች።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ሻጭ ፈሪሀ ፈገግ አለች። እውነተኛ ስሟ ፈሪሀ አይደለም። ለላኪዎቿ «ዋንዛ» ናት። ቆቦ የመጣችው ይህን ካርቶን ሕይወት ቤት ለማስገባት ነው። የሕይወት አባት የከብት ነጋዴ ይባላል፤ በዋጃ በኩል የሚያሳልፈው ግን ጥይት ነው። የሚያሳልፍበት መንገድ የሚታወቀው ከቤቱ በሚወጣ መልእክት ብቻ ነው።

ባለ ሁለት አንቴናው ራውተር ማንም ሊቀይረው የሚችል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ይቀበላል። ዋንዛ የፋብሪካውን አጥፍታ የቤቱን መልእክት ለእሷ የሚልክ የራሷን ጭናበታለች። ከጎኑ ያለው ባለ አራቱ ግን ዝግ ነው። ምንም አይጫንበትም።

ችግሩ፣ ቆቦ ራውተርንም እንደ በሬ ቀንዱን አይቶ ነው የሚገዛው።

«አባባ ባለ ብዙ ቀንዱን ነው ያለኝ። አንተስ?»

ጥያቄው ለእጮኛዋ ለአንዷለም ነበር። እሱም ሰላይ ነው፤ «ግራር»። እጮኝነቱ ሽፋን ነው። ከዚያ በፊት የዋንዛ ፍቅረኛ ነበር። አብረው በነበሩበት ዘመን መንገድ ላይ እጇን ይዟት አያውቅም። ያፍር ነበር።

አሁን የሕይወትን ጣቶች በጣቶቹ ቆልፎ ይዟል።

ዋንዛ ዓይኗን ከጣቶቻቸው ነቀለች። ከእሱ የሚጠበቀው «ሁለቱ ይበቃል» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

«ባለ አራቱን እንውሰድ» አለ።

«ወንድሜ፣ ባለ ሁለቱ አስተማማኝ ነው።»

«ባለ አራቱን አልኩሽ፣ እህቴ።» ዓይኑን አሸሸ።

ከድቷል።

ልጅቷን የምሩን ወዷታል። ዋንዛን ግን ሊያጋልጣት አይችልም፤ አብሮ ይጋለጣል። ያኔ የራሷ ቅናት መላውን ነገራት። እሷን ያቃጠለ ነገር ይህችንም ያቃጥላል።

ሳቅ አለች። «አይ አንዱዬ! ጎብዬ እያለን ስልክ የመረጥክልኝ ትዝ አለኝ። ይሁን፣ ባለ አራቱን ውሰዱ። እኔው መጥቼ እገጥምላችኋለሁ።»

የሕይወት ጣቶች ተላቀቁ።

«አንዱዬ?»

«ሕይወት፣ አንዴ ስሚኝ...»

«ዝም በል! ተመካክራችሁ ነው የምታስመርጡኝ?» ባለ ሁለቱን ብብቷ ስር ወሸቀችው። «የናንተን ምርጫ ቤታችን አላስገባም! አንቺ ደጃችን እንዳትደርሺ። አንተም ይሄን እንዳትነካው፤ ወንድሜ ይገጥመዋል።»

ወጣች። አንዷለም ተከትሏት ሮጠ።

ለዋንዛ ሮጦ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የቤቱ መልእክቶች ይጎርፉ ጀመር። ከማዕከል ጥያቄ መጣ፦ «መንገዱን አግኝተናል። ግራርን እናውጣው?»

«ከድቷል» ብላ ጻፈች። ላከችው።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ባታያቸውም ትጽፈው ነበር። ግን ምናልባት እስከ ነገ ትቆይ ነበር። እስከ ነገ ደግሞ ሰው ያመልጣል።

ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት እናት ወሬ አማራቸው።

«ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?»

«ዓይናለም።»

«ቆቦ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም እማማ» አለች። «ማንንም አላውቅም።»