ገደል አፋፍ የቆመው ጥማድ

አልጣሽ ምሳ ይዛ ስትደርስ በሬዎቹ እንደተጠመዱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ነበር። ደረሰ የሚባለው ባሏ ከታች፣ ድንጋዩ ላይ በፊቱ ተደፍቷል። አልጮኸችም። አገልግሉን መሬት አስቀመጠች፤ ወርዳ ነካችው፤ ቀዝቅዟል። ተመልሳ ወጣችና በሬዎቹ ገደል እንዳይገቡ ፈታቻቸው፤ መጀመሪያ በግራ ያለውን ወይኖን፣ ቀጥሎ በቀኝ ያለውን ዳለቻን። ሰው የጠራችው ከዚያ በኋላ ነው። እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆኖባት ነበር።

አገሬው ተሰብስቦ ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀበትም። ከማንኩሳ ወዲህ ያለ ሰው ሁሉ ደረሰን መኪና ገጭቶት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እንደተቆረጠ ያውቃል። ከባሕር ዳር ባመጣው ሰው ሠራሽ እግር አርሳለሁ ብሎ መነሣቱንም ሲያማ ከርሟል።

«ያ እግር ገደለው! በሰኔ ጭቃ፣ ባንድ እግር! ምን አጣ? የአጎቱ ልጅ ደጀኔ እያረሰለት እኩሉን ይበላ አልነበር?»

ምን እንዳጣ የምታውቀው አልጣሽ ናት። ደጀኔ ማሳውን በእኩል ሲያርስ በከረመባቸው ዓመታት ደረሰ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ አጥር አጥሩን ያይ ነበር። አላስችል ቢላት «መሬትህን ተቀበልና ራስህ እረስ» ያለችው እሷ ናት። እንግዲህ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ። እንባ ግን የለም። ደረቷ ውስጥ ምንም ነገር የለም።

ከፍኖተ ሰላም የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር ምሥራቅ ትባላለች። ባጃጁ ጭቃው ላይ እምቢ ቢላት ጫማዋን አውልቃ የቀረውን መንገድ በእግሯ የጨረሰች፣ አጠር ያለች፣ ቁጡ የምትመስል ሴት ናት። ሰዉን ከአፋፉ አራቀችና ወርዳ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የጭንቅላቱን ቁስል አየች። ከዚያ የሰው ሠራሹን እግር ማሰሪያ ፈትታ አወለቀችው።

«አልጣሽ፣ ነይማ እህቴ። ይህን እግር እንዲሁ በባዶ ሥጋው ነው የሚያስረው?»

«ኧረ በስመ አብ! ሥጋው ይላጣል እኮ። መጀመሪያ ወፍራም ካልሲ ያጠልቃል።»

«ዛሬስ?»

«ጧት እኔው ነኝ ያቀበልኩት።»

የተቆረጠው እግሩ ጉማጅ ባዶ ነበር። መላጥ ይቅርና መቅላት እንኳ አልነበረበትም።

«ሥራ ላይ አውልቆት ያርፋል?»

«ላቡ ይጠራቀምበታል። ትንሽ አርሶ በሬዎቹን ይፈታና ዋንዛው ሥር ቁጭ ይላል። እግሩን አውልቆ ላቡን ይደፋል፣ ካልሲውን ያሰጣል። ሰው ካለ ግን ሞቶ ነው! ከእኔና በሬ ከሚያጣምረው ከወንዳወቅ በቀር አይቶት የሚያውቅ የለም።»

ምሥራቅ ወደ ዋንዛው ሄደች። ካልሲው ከዛፉ ጀርባ፣ ቀጋው ቁጥቋጦ ላይ እንደተሰጣ ነበር። አነሣችውና ማሳውን ዞር ዞር ብላ አየች።

«እስቲ አስረጂኝ፤ እንዴት ነበር የሚያርሰው?»

አልጣሽ ስለ ሌላ ሰው ባል የምታወራ ይመስል ነገረቻት። «ዋልካ ነው መሬቱ። የታረሰው ላይ ከረገጠ ያ እግር ይሰምጣል። ቁርጭምጭሚት የለው፣ በምን ነቅሎ ይወጣል? መጀመሪያ ሰሞን ስንቴ ወደቀ! ጉማጁ ቆስሎ ደም እያየሁ አጥቤለታለሁ። በኋላ መላ አገኘ። ደህናው ቀኝ እግሩ ትልሙ ውስጥ፣ ግራው ባልታረሰው ጠንካራ መሬት ላይ። ታዲያ እንደ ሰው መመላለስ አይሆንለትም፤ ሲመለስ ግራው ጭቃ ላይ ይውላላ። ከዳር ጀምሮ ሁልጊዜ ወደ ግራ እየዞረ ወደ መሀል ይገባል።»

እንዳለችውም የማሳው ትልም ዙሪያውን የተጠቀለለ ነበር። ወደ ገደሉ ያመሩት የመጨረሻዎቹ ትልሞች ብቻ ቀጥ ብለው ሄደው፣ ቀጥ ብለው ተመልሰዋል።

«በሬዎቹን ስትፈቺ ወይኖ በየት በኩል ነበር?»

አልጣሽ እጇን ዘርግታ አሰበች። «በግራ» አለች።

ምሥራቅ መጀመሪያ የጠየቀችው ወንዳወቅን ነው። ዳለቻ የእሱ በሬ ነው። ሁለቱም አንዳንድ በሬ ስላላቸው በመቀናጆ አጣምረው በየተራ ያርሱ ነበር።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተጨቃጭቀናል እንጂ አልተጣላንም። ዙሩ በሬዬን ጨረሰብኝ አልኩት። በሚዞርበት ጊዜ በውጭ ያለው በሬ ነው የሚለፋው። እሱም የራሱን ወይኖን ወደ ቀኝ አዞረልኝ፤ አለቀ። እኔም በተራዬ እንደዚያው ነው የምጠምዳቸው።»

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ጅጋ ገበያ። በግ ይዤ ሄጄ ሳልሸጥ ተመለስኩ።»

ቀጥሎ የድንበር ጎረቤቱ ቄስ ስመኘው ቀረቡ።

«አባ፣ በወሰን ተካሰው ነበር ይባላል።»

«ተካሰን ነበር፤ በሽማግሌ ታረቅን። ዛሬ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከጉብታው ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ጋቢውን ተከናንቦ ያርሳል። ያበርታህ ብዬ ጮኽኩ፤ ዞርም አላለ።»

«እንዴት አድርጎ ያርስ ነበር?»

«እንዴት ይታረሳል ልጄ? ሄድ መለስ እያለ ነዋ!»

ደጀኔ የሟቹን ልጆች አቅፎ ነበር የተገኘው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እግርህ ይጥልሃል ብዬው ነበር፤ አልሰማ አለኝ። እኔ መሬቱን ከለቀቅሁ ወዲህ ያንን ማሳ ረግጬው አላውቅም።»

«ሲያርስስ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ምኑን አየዋለሁ? አንጀቴ አይችልም። አሁንም ለእነዚህ ልጆች ስል እኔው አርስላቸዋለሁ።»

አልጣሽ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። እሷ እርፍ አትጨብጥ፣ ልጆቹ ገና ናቸው። ማን አለላት?

ሬሳው ለምርመራ ፍኖተ ሰላም ደርሶ ተመለሰና ተቀበረ። የሰልስቱ ዕለት፣ ሰዉ ከደብሩ ሲመለስ፣ ምሥራቅ ሁሉንም ማሳው ላይ ጠራቻቸው። ወይኖና ዳለቻ ዋንዛው ሥር ቆመዋል፤ ቀንበሩ መሬት ላይ ነው።

«ሦስታችሁም ተራ በተራ ትጠምዱልኛላችሁ» አለች። ተራው ያልደረሰውን ከጉብታው ጀርባ አቆመችው። ሰዉ አጉረመረመ፤ ለቅሶ ላይ ምን ዓይነት ቀልድ ነው!

ቄስ ስመኘው ቀንበሩን አንሥተው ቆሙ። «የቱ ነው በቀኝ የሚገባው? በሬ እኮ ቦታውን ያውቃል።» ማንም አልመለሰላቸውም፤ ትተውት ዞር አሉ። ወንዳወቅ ወይኖን በቀኝ አስገባ። ደጀኔ ደግሞ መጣ፣ በሬዎቹን በፉጨት ጠራቸው፣ ሳያስብ ሳያመነታ ወይኖን በግራ ጠመደው።

ምሥራቅ ቀንበሩ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ደረሰ ያን ዕለት በሬዎቹን ፈትቶ፣ እግሩን አውልቆ፣ እዚህ ዋንዛ ሥር ተቀምጦ ነበር። ካልሲው ቀጋው ላይ ነበር። ሬሳው ግን እግር አጥልቋል፤ ካልሲ የለውም። ያለ ካልሲ አንድ ትልም ቢያርስ ኖሮ ሥጋው በተላጠ። አልተላጠም። ስለዚህ በዚያ እግር አልተራመደም። ከሞተ በኋላ ነው የታሰረለት።»

ወደ አፋፉ ጠቆመች።

«የገደለው ሰው በሬዎቹን መልሶ ጠመደ፣ የሟቹን ጋቢ ተከናንቦ እስከ አፋፉ አረሰ። እግሩ አዳልጦት እያረሰ ወደቀ እንድንል ነው። አባ ከጉብታው ያዩት እሱን ነው። ግን ሄድ መለስ እያለ አረሰ፤ ደረሰ እንዲያ ማረስ አይችልም ነበር። ሲዞር አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ወንዳወቅ ይህን ያውቃል፤ ካልሲውንም አይረሳም። ደግሞ አልጣሽ ስትደርስ ወይኖ በግራ ነበር። አባ የበሬዎቹን ቦታ አያውቁም። ወይኖን በግራ ጠምዶ ዓመታት ያረሰ ሰው አንድ ብቻ ነው። መሬቱን ከተነጠቀ ወዲህ ወይኖ ቦታ መቀየሩን የነገረው አልነበረም።»

ደጀኔ ገና ቀንበሩን እንደያዘ ነበር። እጁን አየ። ቁጭ አለ።

«ልለምነው ነበር የሄድኩት» አለ፤ ድምፁ ምንም የለበትም። «ከኋላው ደረስኩ። ጉማጁን እንዳላይበት ሊሸፍን ተጣደፈ። ከዚያ ሳቀና፣ ከእንግዲህ የሰው እጅ አላይም፣ ማሳዬን ራሴ ችየዋለሁ አለኝ። ዱላ ይዤ ነበር። ማንሣቴንም አላስታውስም።»

ፖሊሶቹ አስነሥተው ወሰዱት። አገሬው ያን ጊዜውኑ ሌላ አገሬው ሆነ። «ደረሰማ ምን የመሰለ አራሽ ነበር!» ማለት ተጀመረ። አፍ ሲገለበጥ ደግሞ እንዴት ይፈጥናል!

ምሥራቅ አልጣሽን ለብቻዋ ወደ ማሳው ይዛት ገባች።

«እህቴ፣ እግሩ አልጣለውም። አንቺም አልገደልሽውም። ይህ ዙሪያውን ያለው ሁሉ የእሱ ነው፤ እዪው፣ አንድም ቦታ አልተሰናከለም።»

አልጣሽ ትልሙን አየች።

«አውቅ ነበር» አለች። «ስንት ቀን እዚህ ተቀምጬ ሲዞር አይቼዋለሁ። ችያለሁ ሲለኝ እልል ብያለሁ። ገደል ውስጥ ሳየው ግን መጀመሪያ በልቤ የመጣው፣ እግሩ ጣለው የሚል ነው። ሰዉ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቅሁም።»



አልጣሽ ትልሙ ላይ ተንበረከከች። ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ሁሉ ዞረው እስኪያዩ ድረስ ጮኸች።

«እኔም ወደቀ አልኩህ፣ ደርስዬ! እኔም እንደ አገሬው ወደቀ አልኩህ!»