ጺም ላይ የታሰረ ጭምብል

ሟቹ የተገኘው ከሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ሥር ባለው የፓምፕ ክፍል ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጺማም ፊቱ ላይ የወታደር የጋዝ ጭምብል እንደታሰረ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክፍሉን ሲያናፍሱ ቢያረፍዱም ሽታው ገና ዓይን ያቃጥላል። መርማሪው መሀረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ፣ ጉልበቱን እየረገመ ደረጃውን ወረደ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከኋላው «ቆቁ» ይሉታል፤ ኮሽ ሲል ስለሚነቃ ነው። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋቸዋል።

ሟቹን ሁሉም «ሻምበል» ነበር የሚለው። ከሠራዊቱ ከተሰናበተ አራት ዓመት ቢሞላውም ማዕረጉ አብሮት ቀርቷል፤ የቀረለትም እሱ ብቻ ነው። ዕድሜውን በኬሚካል መከላከያ ክፍል መርዝ ሲለይና ሲያመክን ኖሮ፣ ሲቪል ሲሆን ደጅ ያልጠናበት ቢሮ አልነበረም። ማስረጃዎቹን ያገላብጡና «በጣም ጥሩ ነው፤ ግን እኛ ዘንድ ጦርነት የለም» ብለው ይሸኙታል። በመጨረሻ ያገኘው ሥራ የገንዳ ውሃ ማከም ነው። ያንንም ቢሆን የሰው ነፍስ እንደተሰጠው አድርጎ ይሠራው ነበር።

ከደረጃው ግርጌ ያለውን የብረት በር እንዳለፉ ክሎሪን የሚበጠበጥበት በርሜል አለ። አጠገቡ የአሲድ ጀሪካን ባዶውን ተጋድሟል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ እንደሚያቃጥል ከሻምበል የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አይገኝም። ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነገሩ ግልጽ ነበር።

«ጌታዬ፣ የሞተ ሰው ማማት አልወድም» አለ፣ ለማማት እየተመቻቸ። «ሻምበል ተስፋ ቆርጦ ነበር። ራሱ ቀላቀለው፤ ኋላ ለነፍሱ ሲሳሳ ጭምብሉን አጠለቀ። አልደረሰለትም። ሌላ ምን ይሆናል?»

«ጭምብሉ የሆቴሉ ነው?»

«እኛ ጭምብል የለንም።»

«ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ማውጫስ?»

ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን ነካ ነካ አደረገ። ማውጫው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሻምበል ይጠገን ብሎ ቢጨቀጭቅም ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል። ይህን ለማውጣት ቆቁ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገውም። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ራሱ ዘረገፈው።

የዋና አሠልጣኟ ደግሞ ምንም አልደበቀችም። ሻምበል ውሃው አልተስተካከለም እያለ ገንዳውን ደጋግሞ ዘግቶባት ተማሪዎቿ ሸሽተዋል። ሰው በተሰበሰበበት «አንድ ቀን እዚሁ ውሃ ውስጥ እደፍቅሃለሁ» ማለቷንም አመነች። ሽታው ደርሷት ሰው የጠራችው እሷ ናት፤ ድምፅዋ አዳራሹን የሚያናጋ ስለሆነ ያልሰማ አልነበረም። ስታወራ እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ቆቁ ግን እንባ አይቶ ልቡ ቶሎ አይራራም።

ሦስተኛው ሰው የበር ጥበቃው ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ሆኖ ከሻምበል ሥር ያገለገለ፣ ቀጭን፣ ራሱ ትንሽ፣ ቆቡ እንኳ የልጅ የሚመስል ሰው ነው። ሥራ አጥቶ እግሩ እስኪነቃ ሲዞር እዚህ በር ላይ ያስቀጠረው ሻምበል ነበር። አስከሬኑ አጠገብ መጀመሪያ የደረሰውም እሱ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ያየው ሁሉ ልቅሶ ነው ብሎ አዘነለት።

«ድምፅህን ምን ነካው?» አለው ቆቁ።

«ጉንፋን ነው።»

«ሐኪም ይይህ። አምቡላንሱ ውጭ ቆሟል።»

«አያስፈልግም። ይተወኛል።»

«ጭምብሉ የማን ነው?»

«የራሱ መሰለኝ። ከሠራዊት ሲወጣ ይዞት ወጥቶ ይሆናል።»

«እንዲያ ያለ ጺም ላለው ሰው ግን ይሠራል?»

ሃምሳ አለቃው ሌላውን ሁሉ ሲመልስ አልተቸገረም፤ በሙያው መዋሸት ግን አቃተው። «አይሠራም» አለ በመጨረሻ። «ጺም ባለበት በኩል ጋዝ ይገባል። እኛ ዘንድ ማለዳ ማለዳ መላጨት ግዴታ ነበር።»

የሟች ሚስት በልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ራሱን አጠፋ ተብሎ ሊጻፍ ነው የሚለውን ወሬ ገና በሩ ላይ ሳለች አሰምተዋታል።

«ሴት ልጅ አለችን» አለች። «ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን ብዬ ልንገራት? ሞተ ብላት ትችለዋለች። ጥሎን ለመሄድ መረጠ ብላት ግን ያ ዕድሜዋን ሙሉ ይከተላታል። እባክዎ፣ እውነቱን ይፈልጉልኝ።»

ቆቁ ቃል አልገባላትም፤ መግባት ግን አማረው። ስለ ጺሙ ጠየቃት። ከሠራዊቱ የወጣ ቀን «ከእንግዲህ ፊቴ የራሴ ነው» ብሎ እንዳሳደገው፣ ከአንድ ልብስ በቀር ሌላውን ሁሉ፣ ጭምብሉን ጭምር፣ አስረክቦ እንደወጣ ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። ሻምበል በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የአደገኛ ኬሚካል አሠልጣኝ ለመሆን ተፈትኖ አንደኛ ወጥቷል። ሰኞ ሊጀምር ነበር፤ ጺሙንም ለዚያው ሊላጭ። ሥራውን እስኪይዝ ለማንም አትንገሪ ብሏት ነበር።

ቆቁ ተመልሶ ወረደ። የብረቱን በር ከውስጥ በኩል ዳበሰው፤ ቀለሙ በደረት ቁመት ላይ ተፈልፍሎ ብረቱ ያብለጨልጫል። ሥሩ ትልቅ የቱቦ መፍቻ ወድቋል። መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ብቻ ነው። ከዚያ የጭምብሉን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ አያቸው። ሲወጣ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ደወለ። የሰጡት መልስ አጭር ነበር፤ እሱ ግን ስልኩን ዘግቶ ደረጃው ላይ ጥቂት ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር ማወቅ የማይወድበት ቀን አለ።

ሁሉንም በገንዳው ዳር ሰበሰባቸው። ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የተዋሰውን ጭምብል ለሥራ አስኪያጁ ሰጠና እንዲያጠልቀው ጠየቀው። ሰውየው እንደ ባርኔጣ ከላይ ሊደፋው ሲል ማሰሪያው ጆሮው ላይ ተጠመጠመ። አሠልጣኟም ሞክራ ተወችው።

«ሻምበል ራሱን አላጠፋም» አለ ቆቁ፣ ወደ ሚስቲቱ ዞሮ። «በሩን ከውስጥ በመፍቻ ሲደበድብ ነበር። የተዘጋበት ሰው ነው እንዲያ የሚደበድበው። በርሜሉ ያለው እበሩ ሥር ነው፤ እሱ ከፓምፖቹ ኋላ ሲሠራ አንድ ሰው አሲዱን ደፍቶበት በሩን ከውጭ ቀረቀረው። የአየር ማውጫው አይሠራም፤ ሌላ መውጫ የለም።»

«በሩ ግን ክፍት ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አዎ፤ የቀረቀረው ሰው ተመልሶ ከፈተው። ጭምብሉን ያደረገለትም እሱ ነው። ጭምብል ጺም ላለው ሰው እንደማይሠራ ራሱ ሃምሳ አለቃው ነግሮኛል፤ ሻምበልም ይህን ያውቃል። ደግሞ ጭምብሉ አይሆነውም፤ የማሰሪያው ዘለበት ከዓመታት ጀምሮ ለትንሽ ራስ ጠብቆ ዝጎ ቀርቷል። ሆኖም አገጩ በቦታው ገብቷል፤ ማሰሪያዎቹ ሳይጣመሙ እኩል ተስበዋል። ያልሠለጠነ ሰው ምን እንደሚያደርግ አሁን አይታችኋል።»

ሁሉም ወደ ሃምሳ አለቃው ዞሩ። ሚስቲቱ ብቻ ገና አልገባትም፤ እጁን ያዘችው።

«ወንድሜ፣ ልታድነው ገብተህ ነበር?»

«ገብቷል» አለ ቆቁ። «የራሱን አውልቆ ነው ያደረገለት። ስለዚህ ጋዙን ራሱ ሳበው። ጉንፋን ያለው ያን ነው። ሐኪም የፈራውም ሳንባው መጎዳቱ ከታወቀ ሥራ ስለማያገኝ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ሃምሳ አለቃ። በር ለመጠበቅ ለመጣ ሰው፣ ዛሬ የጋዝ ጭምብል ምን ይሠራለታል?»

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አወለቀ።

«በፈተናው ሁለተኛ የወጣው፣ ተጠባባቂው፣ እሱ ነው» አለ ቆቁ ለሚስቲቱ። «አንደኛው ካልተገኘ ሰኞ የሚገባው እሱ ነበር።»

እጁን ለቀቀችው።

ሃምሳ አለቃው ለመካድ እንኳ አልሞከረም። ሲስል ቆየና በዚያ በተቃጠለ ድምፁ ተናገረ። ማስታወቂያውን ያሳየው ሻምበል ነበር፤ አብረን እንፈተን ያለውም እሱ። ይህን ሁሉ ጊዜ የሰው መኪና በር ሲከፍት፣ ልጆቹ አባታችን ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ሲያፍር ኖሯል። ያ ሥራ በዓለም ላይ ለእሱ የተሠራ አንድ ሥራ ነበር፤ በዚያም አንድ ሰው ቀደመው። ተስፋ መቁረጥ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ብሎ ራሱን ሊያጸድቅ አልፈለገም። ደፍቶ፣ ቀርቅሮ፣ ደረጃውን ሊወጣ ሲል ግን ጩኸት ሰማ።

«‹ጋዝ!› ሲል እግሬ ራሱ ተመለሰ» አለ። «አሥራ ስድስት ዓመት ‹ጋዝ› ሲባል የሚደረገውን አድርጌያለሁ። ለወደቀው ጓድ መጀመሪያ ጭምብል ነው። እጄ ጺሙን አላየም። ልጎትተው ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ጭምብሉ እንዳልሠራ ያወቅኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።»

«ድረሱልኝ እያለ ነበር የሚጮኸው?» አለች ሚስቲቱ።

«አይደለም፣ እቴ።» ይህን ሲመልስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «‹ጋዝ ነው፣ ማንም እንዳይገባ› ነበር የሚለው። ከውጭ ላለው ሰው ነው የጮኸው። በሩን እየደበደበ የነበረው ደረጃው ላይ ያለ ሰው እንዳይወርድ ነው። እኔ መሆኔን አላወቀም።»

 የሚስቲቱ እንባ የመጣው አሁን ነው። ቆቁ መሀረቡን ሊሰጣት አውጥቶ፣ ክሎሪን መሽተቱን አስታውሶ መለሰው።

«ይህን ይጽፉታል?» አለችው።

«እጽፈዋለሁ።»

«እንደተናገረው ቃል በቃል ይጻፉልኝ። ለልጄ የምነግራት እሱን ነው።»

ቆቁ ጣቢያ እስኪደርስ አልጠበቀም። እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ ጻፈውና አነበበላት።