የታች ቤት ድርሻ

እሑድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ቄስ ወልደ ሰንበት ከቀሩት ጥቂት ሰዎች ጋር፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ኅብስት ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ዋሻ ይገባሉ። ኅብስቱ ከቅዳሴው ኅብስት ጋር አብሮ ቢጋገርም ወደ መቅደስ አይገባም፤ አይባረክም። በዋሻው ወለል ላይ የሰው እጅ እንደ ጠረበው የሚያስታውቅ ክብ አፍ ያለው ጉድጓድ አለ። ቄሱ ኅብስቱን በቅርጫት አድርገው በጠፍር ገመድ ያወርዱና ጥቂት ቆይተው ይስባሉ። ቅርጫቱ ሁልጊዜ ባዶውን ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አይናገርም፤ ሳል የመጣበት እንኳ አፉን በነጠላው ይዞ ወደ ውጭ ይሮጣል። የታች ቤት ድርሻ ይሉታል። የታች ቤት የማን ቤት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ይትባረክ ግን ይጠይቃል። የቄሱ የወንድም ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ወጥቶ በሰው አገር የጥንት ሃይማኖቶችን ተምሮ፣ አስተምሮም፣ አሁን እህቱ ትርንጎ ቤት አርፎ መጽሐፍ ይጽፋል። በእሱ ዓይን የዚህ ደብር ካህናት በውሰት ልብስ የሚኮሩ ሰዎች ነበሩ። የፀሐይ ልደት ይከበርበት በነበረ ሰሞን የሚከበር ልደት፣ ሞቶ የሚነሣ አምላክ፣ ስለ ሌላው የሚሞት በኩር፣ ሥጋ ተብሎ የሚበላ እንጀራ፤ ሁሉንም ከእነሱ በፊት ሌሎች ብለውታል፣ ባይ ነው። «አሮጌ አምላክ አይሞትም፤ አዲስ ልብስ ለብሶ ይወጣል» የምትለው የመጽሐፉ መክፈቻ ነበረች። የጎደለው ማስረጃ ብቻ ነው። ያሰናበተው ዩኒቨርሲቲም ያለው ይህንኑ ነበር፦ ማስረጃ የለህም። ይትባረክ ከጉድጓዱ ሥር የጣዖት መሠዊያ እንዳለ እርግጠኛ ነበር። የዚያን ፎቶግራፍ ይዞ ቢመለስ፣ በሩን የዘጉበት ሰዎች ራሳቸው ይከፍቱለታል።

«ከኅብስቱ በፊት ሰው ነበር የሚወርደው» አላቸው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከቄሱ ጋር ዋሻው ደጅ ተቀምጦ። «እናንተ ሰውየውን በዳቦ ተካችሁት፣ ስም ቀየራችሁለት። ሃይማኖታችሁ ይኸው ነው።»

«ሰው ሁሉ እናት አለው» አሉ ቄሱ ጭራቸውን እያወዛወዙ። «አንዱ ካንዱ ቀድቶ ነው ልትል ነው?»

«ቀልድ መልስ አይሆንም፣ አባ።»

«ለቀልድ ጥያቄ ይበቃል።» ከዚያ ፊታቸው ከበደ። «ብቻ እዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዳትናገር፣ ልጄ። ድምፅ አትስጠው።»

«ማንን ነው ድምፅ የማልሰጠው?»

ቄሱ መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ። ይትባረክ ከኋላቸው ሳቀ።

በማግስቱ ብቻውን ገባ። በጉድጓዱ አፍ ላይ እግሮቹን አንፈራጥጦ ቆመና የጥንቶቹን አማልክት በስማቸው ጠራ። «አስተር! ማህረም! ቤት ናችሁ?» የገደል ማሚቶው መለሰለት፤ ድምፁ ጎርናና፣ ቃላቱ የተፈጨ ጠጠር የመሰሉ ነበሩ። ከድምፁ ጋር የእርጥብ ድንጋይና የሌሊት ወፍ ኩስ ሽታ ወጣ፤ ከዚያ ሥር ደግሞ፣ ሳይታሰብ፣ አሁን ከምድጃ የወጣ የሚመስል የዳቦ ጠረን።

ጥሞት በየቀኑ ይመላለስ ጀመር። በዚህ መንደር የሚናገረውን እስከ መጨረሻው የሚሰማው አልነበረም፤ ትርንጎ ማሰሮዋን ታነሣለች፣ ቄሱ ይቀልዳሉ። ጉድጓዱ ግን ያስጨርሰዋል። ምዕራፍ ከምዕራፍ እያነሣ ስለ ካህናቱ አላዋቂነት፣ ስለ ሕዝቡ የበግ ልብ፣ ሲያወርድ ይውላል። ማሚቶውም ቀን በቀን እየጠራ መጣ። ጠጠሩ ለዘበ። አንድ ቀን፣ ሰው ሊንቅ ሲል የሚያሰማት የራሱ አጭር ጉሮሮ ጠረጋ፣ እሱ ሳያሰማት ከታች ተሰማች። ሌላ ቀን ቃል ጠፍቶት ቆም ሲል ጨለማው ቃሉን አቀበለው፤ ትክክለኛው ቃል ነበር። የዋሻው ቅርጽ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ብሎ ራሱን አስረዳ። ሳቀም። እሱ ሳቁን ካቆመ በኋላ የታችኛው ሳቅ ጥቂት ቀጠለ።

«ድምፅህን ምን ነካው?» አለችው ትርንጎ ምሳ ስታቀርብ። «ሻክሯል። ብርድ መታህ እንዴ?»

«ብዙ ስለማወራ ነው።»

«እሱስ ልማድህ ነው» አለች እየሳቀች።

እሑድ ቄሱ ገመዱን ሲፈቱ ይትባረክ ኅብስቱን ከቅርጫቱ አነሣና ገመጠው። ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እሱ እያኘከ፣ አፉን ሞልቶ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተናገረ።

«ድርሻው ሲቀር ምን እንደሚመጣ እስቲ እንይ! አሁን እኔው እወርዳለሁ፤ ከተጠረበ ድንጋይ በቀር ምንም እንደሌለ አሳያችኋለሁ።»

ከታች ምንም አልተመለሰም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሚቶ አልነበረም።

ቄሱ እጅጌውን ያዙት። አስለቀቃቸው። የገመዱን ጫፍ ከአለቱ ጋር ራሱ አስሮ፣ የስልኩን መብራት በጥርሱ ነክሶ ወረደ። ግድግዳው ለስላሳ ነበር፤ ብዙ ሰው የዳሰሰው የበር እጀታ ይመስል ነበር። እግሩ ወለል ሲነካ መብራቱን ዙሪያውን አዞረ። መሠዊያ የለም። ጽሑፍ የለም። አጥንት የለም፤ የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ የለም። በአንዱ ግድግዳ ላይ ብቻ ረጅም መቀመጥ የሸረሸረው፣ ጀርባና ጭን የሚያህል፣ ለአንድ ሰው ልክ የሆነ ጎድጓዳ ነበር። እጁን አሳረፈበት። ድንጋዩ ይሞቃል፤ የተቀመጠበት ገና አሁን እንደተነሣ ሁሉ።

መብራቱ ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ የዳቦ ጠረን ከፊቱ መጥቶ በጎኑ አለፈ። ከዚያ ሁለት እጆች፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው በትሕትና፣ ኮቱን ከትከሻው ላይ አወለቁለት። ይትባረክ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከፊቱ ገመዱ ተወጠረ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ክብደት ተሸክሞ ሲጥጥ አለ።

«ምን ተገኘ ታዲያ?» የሚል የትርንጎ ድምፅ ከላይ መጣ።

ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ተሰማ። «ምንም የለም፣ እህቴ። ድንጋይ ነው።» የራሱ ድምፅ ነበር፤ ንቀቱ ብቻ የለበትም። «አባ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይበሉኝ» አለ ይትባረክ ከታች፤ ሌላ ቃል አልወጣውም፤ ድምፁም እንደ ጠጠር ነበር።

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ እያለቀሱ። «ልብ ሰጠህ።»

«ሰጠህ» አለ ይትባረክ።

ትርንጎ ሳቀች። «እንዲህ ስትናገር ልጅነትህን አስታወስከኝ። ና እንግባ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።» እርምጃቸው ራቀ፤ የእሱ ሳቅ ከእሷ ሳቅ ጋር እየተያያዘ ሄደ።

መቀመጫው ልኩ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ከላይ ያለው የብርሃን ክብ ሲጠቁር ቀና አለ፤ ቄሱና ትርንጎ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል፤ በመካከላቸው የእሱን ኮት የለበሱ እጆች፣ ትኩስ ኅብስት ያለበትን ቅርጫት፣ ያለ አንድ ቃል፣ ቀስ አድርገው ወደ እሱ ያወርዱ ነበር።