የመልካሙ ሙት ዓመት ጥንስስ

ወይዘሮ ሠርክአዲስ በጠላ ቤታቸው የድንጋይ ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ከማጅራታቸው በላይ የበሩ ደፍ መትቷቸዋል። ከራሳቸው ሥር ግን አራት ቦታ የታጠፈ ነጠላ ገብቷል። ረፋድ ላይ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የደረሰችው መርማሪ ያምሮት ሬሳውን አይታ ስታበቃ ዓይኗ ነጠላው ላይ ቀረ። ገድሎ የሚሄድ ሰው ትራስ አያበጅም።

የቡሬ ባልደረቦቿ ነገሩን ጨርሰውታል። የሟች ወንድም አቶ ያረጋል በማለዳ መጥተው በወሰን መሬት ከእህታቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ታስረዋል፤ ሰኞ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።

በግቢው የምትኖረው ምራትየዋ እናኑ ብቻ ናት። ባሏ መልካሙ፣ የሟች አንድ ልጅ፣ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሙት ዓመቱ ጠላ ጥንስስ ተይዟል፤ መጀመሪያ በማሰሮ፣ ሲፈላ በጋን፣ በመጨረሻ በትልቁ ሰማያዊ በርሜል። እናኑ ከምንጭ ስትመለስ ወድቀው እንዳገኘቻቸው ተናገረች። ከዚያ ወዲያ አልቅሳ አልጨረሰችም።

ጭቅጭቁን የሰሙት ጎረቤት፣ አጥር የሚለያቸው እህል ነጋዴዋ ወይዘሮ ዓፊፋ ነበሩ።

«ያረጋል ሲወጣ ሱቄን እየከፈትሁ ነበር።»

«እናኑስ የጮኸችው?»

«ከዚያ ወዲያ ሁለት ኩንታል ዳጉሳ ሰፍሬ ሸጫለሁ ልጄ። ከዚያ ነው የጮኸችው።»

«በመካከሉ ምን ሰሙ?»

«ሲቀዳና ሲገለበጥ። ሥራ ይዘዋል ብዬ ዝም አልሁ።»

ያምሮት ወደ እስረኛው ሄደች።

«እህትዎን ነክተዋል?»

«በአፌ ነክቻታለሁ። በእጄ አልነካኋትም። እኛ ቤት ወንድ ጥንስስ ካለበት አይገባም፤ ከደጅ ቆሜ ነው የተጣላኋት።»

ተመልሳ ጠላ ቤቱን ስንዝር በስንዝር አየችው። በበርሜሉ ጎን የጌሾ ቅጠል የተጣበቀበት ሰፊ ፍሳሽ ወርዶ ደርቋል። ከጋኑ መቀመጫ እስከ በርሜሉ ጠብታ እንደ ጨሌ ተደርድሯል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በአፉ ተደፍቷል። አንድ ስንጥቅ እንኳ የለበትም።

በሣልስቱ፣ ጸሎቱ ካበቃ በኋላ፣ ሁሉንም ጠላ ቤቱ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው። አቶ ያረጋልም እጃቸው ታስሮ መጡ።

«ይህን ጋን ሁለት ሰው ካልያዘው አይነሣም» አለች። «ሁለት ሰው አንሥቶት መገልበጥ ጀምሯል። ወይዘሮ ሠርክአዲስ በያዙበት በኩል ወለሉ ርጥብ ነበር፤ አዳልጧቸው ደፉ ላይ ወደቁ። ጋኑ ሲዘነብል በበርሜሉ ጎን የፈሰሰው ይኸውና።»

«ጋኑ ታዲያ ለምን አልተሰበረም?» አሉ አቶ ያረጋል።

«ሌላው ሰው እጁን ከጋኑ አላነሣማ። በርሜሉ ላይ አስደግፎ አዳነው፤ ጎድሎ ስለ ቀለለም እየገፋ ወደ መቀመጫው መለሰው። እሳቸውን ነጠላ አንተራሰ። የቀረውን ጥንስስ ብቻውን በቅል እየቀዳ አመላለሰ፤ ጠብታው ይኸው። ያ ሁሉ ሁለት ኩንታል ዳጉሳ የሚሰፈርበትን ጊዜ ፈጀ። አቶ ያረጋል እዚህ ቤት አይገቡም። ወይዘሮ ዓፊፋ ከሱቃቸው አልተነሡም።»

ማንም ወደ እናኑ አልዞረም። እሷው ናት የተናገረችው።

«ጋኑን ያዝሁ። እሳቸውን መያዝ ነበረብኝ።»

ሰው ልትጠራ ስትነሣ አማቷ የቀሚሷን ጫፍ ይዘዋት ነበር።

«መጀመሪያ ጨርሺው አሉኝ። የልጄ ጥንስስ እንዳይበላሽብኝ አሉኝ። ጨርሼ ጋኑን አጥቤ ስመለስ አይሰሙኝም።»

እውነቱን ብትናገር ይወስዷታል፤ ጥንስሱን የሚያይ ሰው አይኖርም። ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ብቻ ዝም ልትል ነበር። ይህን ስትናገር የአቶ ያረጋልን የታሰረ እጅ እንጂ ፊታቸውን አላየችም።

«ሮጬ ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር?» አለች ያምሮትን።

ያምሮት የማታውቀውን አትናገርም። ሐኪሙን ጠይቃው «ምናልባት» ብሏታል። ያንኑ ነገረቻት።

የአቶ ያረጋል እጅ ተፈታ። እናኑ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ ነጠላዋን ለበሰች፤ ደፉ ላይ ስትደርስ ግን ወደ በርሜሉ ዞረች። አረፋው ከአፉ ደርሷል። ካልተማሰለ እንደሚገነፍል በለሆሳስ ተናገረች፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

አቶ ያረጋል ከደጃፉ ቆመው ቆዩ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ገቡ። ማማሰያውን አንሥተው ግራ ገባቸው።

«እንዴት ነው የሚማሰለው፣ ልጄ?»

«ከታች ነው ጋሼ» አለች እናኑ። «ከታች ወደ ላይ። ቀስ ብለው።»