የተጨመሩት ሦስት ሳምንታት

ሟቿ ነጭ አንሶላ ለብሳ በሆስፒታሉ የአስከሬን ክፍል ተጋድማለች። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ነበር፤ መርማሪዋ ግን አንሶላውን ከእግሯ በኩል ገለጠችው። የግራ ባቷ አብጦ ከቀኙ ጋር ሲነጻጸር የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ቆዳው ላይ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሰንበሮች ተደርድረዋል፤ ገሚሶቹ ጠቁረዋል፣ ገሚሶቹ ወደ ቢጫነት ዞረዋል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የቅባት ሽታ አለው።

«ሕፃኗስ፣ ዶክተር?»

«በሠላሳ ሳምንቷ በቀዶ ሕክምና አወጣናት፤ ማሞቂያ ውስጥ ናት። ለእናትየዋ ግን አልደረስንላትም። ባቷ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባዋን ዘጋው።»

«የነቀለው መታሸቱ ነው?»

«ሊሆን ይችላል። እንዲህ በአንድ ወገን ያበጠ እግር ፈጽሞ አይታሽም።»

ይህች «ሊሆን ይችላል» ለመርማሪዋ አለቃ ከበቂ በላይ ነበረች። ሴትየዋ ትናንት ዓርብ ጠዋት የወደቀችው ማሳጅ ቤት ውስጥ ነው፤ ማሳጅ ሠሪዋም ወዲያው ታስራለች። «ነፍሰ ጡር አሸች፣ ሞተችባት። ሌላ ምን ፈለግሽ?» ብሏል አለቃው፤ የምርመራ መዝገቡ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ጠረጴዛው ላይ እንዲደርስም አዟል። የሥራ ባልደረቦቿ በነገር ስለምትወጋ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን ዛሬ የተወጋችው እሷ ነበረች። ቆሽቷ እያረረ ወደ ጣቢያው ተመለሰች።

ማሳጅ ሠሪዋ አጠር ያለች፣ እጆቿ ግን የረጅም ሰው የሚመስሉ ሴት ናት። ለእናቶች ሁሉ የምትለውን ደግማ ተናገረች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያልጨረሰች እሷ ዘንድ አትታሽም፤ ከዚያ በኋላም በጎን ተኝታ፣ ትራስ ተደግፋ፣ በቀስታ ነው። ዘይት ከመንካቷ በፊት ሁለቱንም ባቶች በእጇ ጀርባ ዳስሳ፣ ስንተኛ ሳምንት እንደሆነና ያገኘችውን መዝገብ ላይ ትጽፋለች።

«ማክሰኞ ዕለት ግራው አብጦ ያተኩሳል። አላሸኋትም። ‹ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ› ብዬ ሳምንቱን ጠቅሼ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ትናንት ተመልሳ መጣች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ምን ሆንሽ ሳልላት ወደቀች። መዝገቤን እዩልኝ።»

መዝገቡ ታየ። የማክሰኞው ገጽ ተገንጥሏል።

«ራስሽ ገንጥለሽው ይሆን?»

ሴትየዋ ትክ ብላ አየቻት። «ያለኝን አንድ ምስክር?» አለች።

ቀጥሎ የሟቿ ባል ተጠራ። የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነው፤ ዓይኖቹ በለቅሶ ቀልተዋል። ሚስቱ ማሳጅ ቤት መመላለሷን እንደማይወድ፣ ግን ጭቅጭቅ ሰልችቶት ዝም እንዳለ ነገራት።

«ማሳጅ ሠሪዋ የሰጠቻትን ወረቀት አይተዋል?»

«ወረቀት የሚባል አላየሁም። እግሯንም ቤት ውስጥ ነክቼ አላውቅ፤ የወጌሻ ሚስት መታሸት አይደርሳትም እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ሠላሳ ሦስት ሳምንት የሞላትን ሴት እንደ ልብስ ያሸቻት እሷ ናት፤ እሷን ጠይቂያት።»

መርማሪዋ ቀና ሳትል ጻፈችው።

አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። የሟቿን የሆስፒታል ካርድና የማሳጅ ቤቱን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግታ አፈጠጠችባቸው። መጀመሪያ ነገሩ አልጨበጥ አላት፤ መዝገቡን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። ከዚያ ሟቿ መጀመሪያ ማሳጅ ቤት የሄደችበትን ቀን አየች። መዝገቡ አሥራ ሦስተኛ ሳምንት ይላል። በካርዱ ሲሰላ ግን በዚያ ዕለት ገና አሥረኛ ሳምንቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለው ገጽ ሁሉ መዝገቡ ሦስት ሦስት ሳምንት ይቀድማል።

ሟቿን ማሳጅ ቤት የምታደርሳት ታላቅ እህቷ ነበረች። እህትየዋ ተጠርታ ስትገባ በማሳጅ ሠሪዋ ላይ የስድብ ናዳ አወረደች፤ መርማሪዋም እስኪወጣላት ጠበቀች። ስለ ሦስቱ ሳምንታት ስትጠየቅ ግን ድምፅዋ ወረደ።

«እኔ ነኝ ያስዋሸኋት» አለች። «ወገቧን እያመማት ስትሰቃይ አንጀቴን በላችው። ሦስት ወር ሳይሞላ አይነኩሽምና ሦስት ሳምንት ጨምሪበት አልኳት። አንዴ ከዋሸች በኋላ ማስተካከሉን አፈረችበት።»

«ባልየው ያውቃል?»

«እሱ? እንኳን ሳምንቱን ወሩንም በመከራ ነው የሚያውቀው። ከቡድኑ ጋር ሲዞር ከርሞ በዚህ ሳምንት ነው የተመለሰው፤ አንድ ቀን ሐኪም ቤት አድርሷት አያውቅም።»

«ማክሰኞና ትናንትስ?»

«ማክሰኞ አብሬያት አልነበርኩም። ትናንት ስትወድቅ ደወልኩለት፤ በርሮ መጣ። እኔና ማሳጅ ሠሪዋ ቃሬዛውን ተከትለን ስንወጣ፣ ጫማዋን ላምጣ ብሎ ክፍሉ ውስጥ ቀረ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ማሳጅ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ማሳጅ ሠሪዋን ከነካቴናዋ፣ እህትየዋን፣ ባልየውንና ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያየውን አለቃዋን።

«ሰንበር በአንድ ቀን ቢጫ አይሆንም» ብላ ጀመረች። «ይህቺ እግር ለቀናት ታሽታለች። ማሳጅ ሠሪዋ ደግሞ በመዝገቧ እንደሚታየው ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ሟቿን አላየቻትም። መደርደሪያዋን እዩት፤ ነፍሰ ጡሮች ሽታ ያቅለሸልሻቸዋል ብላ ያስቀመጠችው ሽታ የሌለው ዘይት ብቻ ነው። ሟቿ ባት ላይ ያለው ግን ለተጫዋቾች የሚቀባው ቅባት ነው።»

«ቤት ውስጥ ቅባቱ ሞልቷል» አለ ባልየው። «ራሷ ቀብታው ይሆናል።»

«ይሁን። የጣቱንም ሰንበር ራሷ አወጣችው እንበል።» ወደ እሱ ዞረች። «ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ሦስት ሳምንት ሞልቷት ነበር ብለውኛል። ሐኪሙ ሠላሳ ነው የሚለው፤ እሷም ሠላሳ መሆኑን ታውቅ ነበር። ሠላሳ ሦስት የሚል የነበረው የማክሰኞው ገጽና እሷ ይዛው የሄደችው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን አላየሁም ካሉ ቁጥሩን ከየት አመጡት?»

ሰውየው ሰፋፊ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ጀመር።

«የጡንቻ መኮማተር መስሎኝ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሜዳ ላይ ስንቱን በደቂቃ አስነስቻለሁ። ስለ እግር እኔን ልታስተምር ነው ብዬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም አሸኋት። እያለቀሰች ‹በቃኝ› ስትለኝ ‹ቻይው፣ ሊለቅሽ ነው› አልኳት።»

እህትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። አለቃው ሰዓቱን ማየት ትቷል።

«አለማወቅዎን ፍርድ ቤት ይመዝነው» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ገጹን ሲገነጥሉ ግን ያውቁ ነበር። አውቀው ነው ይህችን ሴት ያሳሰሯት።»

ባልየው ተይዞ ሲወጣ መርማሪዋ እርካታ ጠበቀች፤ የመጣባት ንዴት ብቻ ነው። አንዲት እናት እንድትድን ወረቀቱ ተጽፎላት ነበር። ቀኑን ሳይቀር ይዞ፣ በጊዜው፣ በእጇ ገብቶ ነበር።

የማሳጅ ሠሪዋ ካቴና ተፈታ። ልብሷን አስተካክላ ትወጣለች ሲሉ ባለችበት ቆመች።

«ማክሰኞ ወረቀት ሰጥቼ ከምሸኛት እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ብወስዳትስ ኖሮ?» አለች።

መርማሪዋ ጥፋትሽ አይደለም ልትላት አሰበች። ግን ከጠዋት ጀምሮ ውሸት ስትሰማ ውላ መሯታል፤ ሌላ ልትጨምርበት አልፈለገችም።

«ትድን ነበር» አለቻት። «ግን ሂጂ ያልሻት አንቺ ብቻ ነሽ።»

ታስራ ሳለች እንባ ያልወጣት ሴት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።