ክዳን አልባው ብልቃጥ

ሰውየው የሞተው በገዛ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ነው። ጉልበቱን አጥፎ፣ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ለጸሎት የተንበረከከ መስሎ ተገኘ። የሆስፒታሉ ሐኪም እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ «ልብ ነው። ዕድሜውም ገፍቷል፤ ብርዱም አለ» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ሲል፣ መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን እጆች ገልብጣ አየች። ሁለቱም መዳፎች በልዘው ጠቁረዋል።

«ልቡ የቆመበት ሰው በር ሲደበድብ ይቆያል እንዴ?» አለችው።

ሐኪሙ እጁን ከኪሱ አወጣ። ይህችን ሴት ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» የሚሏት ወደው አይደለም። ስትወለድ እንደ ሰው ልጅ በማልቀስ ፈንታ «ለምን?» ብላ ነው የወጣችው እያሉ ያሟታል። እሷም ሐሜቱን ሰምታ «ለምን ዋሻችሁ ልበላቸው?» ብላ ስቃ አልፋዋለች። ዛሬ ግን አልሳቀችም። የበሩን መቀርቀሪያ አየች፤ በውጭ በኩል ነው ያለው።

ሟቹ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበር፤ ትንሽ ትልቁ «ጋሼ ወደፊት» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከቤቱ ሕግ ነው። በአንድ መተላለፊያ ላይ ሦስት ክፍሎች ተሰልፈዋል። በመጀመሪያው፣ ንጹሕ በሚሉት ክፍል፣ የምርመራው ኬሚካል ይቀመማል። በሁለተኛው የሕመምተኛው ናሙና ይከፈታል። በሦስተኛው ያለው ማሽን ደግሞ በናሙናው ውስጥ የተህዋሲውን ዘር ቁራጭ ይፈልግና፣ አንዲት ካገኘ ሚሊዮን አድርጎ ያባዛታል። ሠራተኛው ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ይሄዳል እንጂ በዚያ ቀን ወደ ኋላ አይመለስም። ከሦስተኛው ክፍል በጋዋን እጅጌ ላይ የተሳፈረ የተባዛው ቁራጭ ብናኝ ንጹሑን ክፍል ከረገጠ፣ ጤነኛው ሁሉ በማግስቱ በሽተኛ ይባላል። ስለዚህ ኃላፊው ከጠዋት እስከ ማታ «ወደፊት ብቻ!» ሲል ይውል ነበር። የሞተበት ማቀዝቀዣ በንጹሑ ክፍል ውስጥ አልፈው ካልሆነ አይገባበትም።

እዚያ ቤት የሚታደነው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተህዋሲ ነው። ጤነኛ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል፤ በእርግዝና ጊዜ ከያዘ ግን ወደ ፅንሱ ተሻግሮ ዓይንና አንጎል ያበላሻል።

መርማሪዋ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለት ነገሮች አገኘች። ከታችኛው መደርደሪያ ጀርባ ባዶ የፎም ሣጥን ተወሽቋል፤ ውስጡ አጥንት እንደመሰለ ደርቋል። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ደግሞ፣ በደንብ ከተከደኑት ብልቃጦች መካከል፣ ክዳኑ የተነሣ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቆሟል።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው የዕቃ ክፍሉን ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ ይህ ሣጥን የምንድን ነው?»

«የበረዶ ነዋ! ዛሬ ጠዋት ራሴ ነኝ ያመጣሁት።»

«በረዶ ከሆነ ውሃው የታለ?»

«ይሄ ደረቅ በረዶ ነው የኔ እመቤት፤ ውሃ አይሆንም። ጭስ ሆኖ ይጠፋል። ጭሱ ደግሞ ክፉ ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ከዘረገፉት ሰው የሚተነፍሰውን አየር ያሳጣዋል። ያለ ወፍራም ጓንት ከነኩት እንደ እሳት ይለበልባል። እኔ እንደ ወትሮዬ መተላለፊያው ላይ ትቼው ነው የሄድኩት። ንጹሑን ክፍል እኔን መች ያስገቡኛል? ጫማዬን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል።»

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ! ሃያ ዓመት ተጣልተናል። ከእንግዲህ ከማን ጋር ነው የምጣላው?» አለና ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው የምር አዝኗል።

ቀጥላ ሬሳውን ከምሳ መልስ ያገኘችውን ወጣት ባለሙያ አስጠራች። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል።

«ትጠዪያቸው ነበር አሉ» አለቻት መርማሪዋ በለዘበ ድምፅ።

«ስድስት ወር ሙሉ አላነጋገርኳቸውም። አርግዤ ነበር። የእንሽርት ውሃዬ እዚሁ ተመረመረና ልጁ ታሟል አሉኝ። ውጤቱ ላይ የፈረሙት ጋሼ ናቸው። እኔም...» ቀና ሳትል ጨረሰችው። «እንዲቋረጥ ፈቀድኩ።»

«ምርመራውን በእጁ የሠራው ማን ነበር?»

«ምክትላቸው፤ በአዲሱ ዘዴ። እኔ በድሮው ዘዴ አንዱን የተህዋሲውን ጂን ብቻ ነው የማባዛው። ምክትሉ በዘሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ሌላ ቁራጭ አለ፣ እሱን ያባዛሉ። አንዳችን የሌላውን አንነካም።» ቀና አለች። «ትናንት ጋሼ ጠሩኝ። "ልጄ፣ የተቀመጠውን ናሙናሽን ባልተከፈተ የኬሚካል ዕቃ እንደ አዲስ ልመረምረው ነው፤ ከተሳሳትን ይቅር በይኝ" አሉኝ። አሁን እውነቱን ሳላውቅ ልቀር ነው እኮ!»

መርማሪዋ ስለ ክዳን አልባው ብልቃጥ ጠየቀቻት።

«ወጥመድ ነው። ንጹሕ ውሃ ተሞልቶ ክፍቱን ይቀመጣል፤ የሚበንን ነገር ካለ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ጋሼ አንድ ሰው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው ብለው ሲጠረጥሩ ያኖሩታል። ዛሬ ጠዋት በፊቴ ከፍተው አስቀመጡት፤ ለማንም አትንገሪ ብለውኛል።»

«ናሙናሽ የት ነው ያለው?»

«ሁለተኛው ክፍል በረዶ ቤት ውስጥ።»

መርማሪዋ ወደ ሦስተኛው ክፍል ስትዘልቅ ማሽኑ ያጓራል። ምክትሉ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ስስ ጓንቱን እንዳጠለቀ ወንበር አቀረበላት። ንግግሩ ቅቤ ነው።

«ሰዓቱን ሁሉ እዚሁ ነበርኩ፤ ምሳም አልወጣሁም። ንጹሑን ክፍል ከረገጥኩ ሳምንት አልፎኛል።»

«ኃላፊውስ ምሳ ይወጣሉ?»

«እሳቸው? ሰው ሲወጣ ነው ሥራ የሚጥማቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መናገር ባይኖርብኝም፣ ያቺ ልጅ ቂም ይዛባቸዋለች። አዘንኩላት።»

«ቃልዎን ይፈርሙልኝ።»

ምክትሉ ኪሱን ዳበሰ፤ እስክሪብቶ የለውም። በዚያው ጋዋን መተላለፊያውን አቋርጦ ሁለተኛው ክፍል ገባና ይዞ ተመለሰ። ከነጓንቱ፣ እስክሪብቶውን በጣቱ ጫፍ ሳይሆን በመሐል አንጓው ይዞ ፈረመ። መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ከሌላ ላቦራቶሪ አንዲት ባለሙያ የራሷን ኬሚካል ከነማሸጊያው ይዛ መጣች። ናሙናዎቹን ማሽኑ ውስጥ ጨምራ ስታበቃ መርማሪዋ ሁሉንም ሦስተኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው በሩን ተደግፎ ቆመ። ልጅቷ ጥግ ያዘች። ምክትሉ ከነጓንቱ እጁን አጣምሮ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ ከሦስት ወንበር ወዲያ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ መስመሮች ወለሉን ይዘው ይሳባሉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አለች መርማሪዋ። «የሟቹ መዳፍ በልዟል፤ ስለዚህ በሩ በውጭ ተቀርቅሮበት ነበር። ሣጥኑ ደርቋል፤ ስለዚህ ደረቁ በረዶ በምሳ ሰዓት ማቀዝቀዣው ውስጥ ተዘርግፏል። እሳቸው አዲሱን የኬሚካል ዕቃ ሊያወጡ ገቡ፤ ገዳዩ ቀረቀረባቸው፤ ጸጥ ሲሉ ከፈተው። እንግዲህ የገባው ማነው?»

መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

«ያየ ሰው የለም። ያየ ውሃ ግን አለ። የወጥመዱን ውሃ በሁለቱም ዘዴ አስመረመርኩት። እዩ።»

አንድ መስመር ከወለሉ ተነሥቶ ቁልቁለት እንደጠላ ሽቅብ ወጣ። ሌላው እንደተኛ ቀረ።

«የድሮው ጂን የለም። የሚደጋገመው ቁራጭ ግን ሞልቷል» አለች እንግዳዋ።

«ተህዋሲው ራሱ ውሃው ውስጥ ወድቆ ቢሆን ሁለቱም በወጡ ነበር» አለች መርማሪዋ። «አንድ ፍጥረት ግማሽ ገላውን ቤቱ ትቶ መንገድ አይወጣም። ይህ ተህዋሲ አይደለም፤ ማሽኑ ያባዛው ቁራጭ ብናኝ ነው። ያንን ቁራጭ እዚህ ቤት የሚያባዛው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ምክትሉ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በእሷ እጅጌም ሊገባ ይችላል!»

«በእሷ እጅጌ ቢሆን የራሷ ጂን ቤት ጠባቂ ሆኖ ባልቀረ ነበር። ደግሞ ደረቅ በረዶ ይለበልባል ብለውኛል አባባ። እስቲ ጓንትዎን ያውልቁ።»

አላወለቀም። ፖሊሱ አወለቀለት። የጣቶቹ ጫፎች ነጥተው ውሃ ቋጥረዋል።

«ለምን?» አለች መርማሪዋ፤ ይህችን ቃል እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ብላት አታውቅም። «ልንገርዎ። ትናንት እስክሪብቶ ፍለጋ በዚሁ ጋዋን ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ልማድ ስለሆነብዎ አላስተዋሉትም። ብናኙን ወደ ንጹሑ ክፍል ስንት ጊዜ አስገብተዋል? በስንት ጤነኛ ናሙና ላይ ታሟል ተብሏል? ኃላፊው ነቁብዎት። የተቀመጠው ናሙና ባልተከፈተ ዕቃ ሲመረመር ዝናዎ እንደሚፈርስ አወቁ።»

«ዘዴው አይሳሳትም!» ብሎ ጮኸ ምክትሉ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ዘዴው ትክክል ነው!»

«ዘዴውማ ትክክል ነው፤ ይኸው አጋለጠዎት። የተሳሳተው እግርዎ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እርስዎ ያፈሰሱትን ግን ሌላ ሰው ለቀመው።»

ይዘውት ወጡ። ሽማግሌው እንባውን በኮቱ እጅጌ ጠርጎ ተከተላቸው። ልጅቷ ግን ከጥጓ አልተነቃነቀችም።

«የኔስ?» አለች።

እንግዳዋ ባለሙያ መርማሪዋን አየች፤ መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችላት። ስክሪኑ ላይ ሌሎች ሦስት መስመሮች መጡ።

«ይህ ወደ ላይ የወጣው የሰው ዘር ምልክት ነው፤ ናሙናው አልተበላሸም፣ ምርመራው ሠርቷል ማለት ነው። ሁለቱ የተህዋሲው ናቸው።»

ሁለቱ ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ልጅቷ ለማንበብ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፤ ሙያዋ ነው። ማሽኑ ዙሩን ጨርሶ ጸጥ እስኪል ድረስ ቆማ ጠበቀች፤ መስመሮቹ አልተነሡም።

«ጤነኛ ነበር» አለች።

መርማሪዋ የምትጠይቀው አጣች። ክንዷን ልትይዛት ብትሞክር ልጅቷ በቀስታ አስለቅቃ ወጣች። ጋዋኗን አውልቃ ጣለች፤ እጇን ታጠበች፤ መተላለፊያውን ይዛ እስከ ንጹሑ ክፍል ሄደች። የሥራ ወንበሯም፣ ቦርሳዋም እዚያ ነው። እጀታውን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ አረፍ በይ» አለቻት ከኋላዋ የደረሰችው መርማሪ።

«አልችልም» አለች ልጅቷ፣ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ። «ዛሬ ከሦስተኛው ክፍል ነው የመጣሁት።»